የአሮጌ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ሳይፈታ እንዴት ይመረመራል?

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው አሮጌ መኪና ማርሽ አልቀይርም ብሎ ሲያስቸግር፥ ባለቤቱ ከጋራዥ ይዞት የሚመለሰው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ካምቢዮው ሞቷል፥ ይውረድ» የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው፥ ይህ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ብሎን ሳይፈታ በእጅ ሰዓትና በዐይን ብቻ ብዙ ነገር ማወቅ እንደሚቻል ነው።

ለምሳሌነት የወሰድነው በ2016 ዓ.ም. ክረምት የመረመርነውን የአንድ ጓደኛችንን አባት መኪና ነው። መኪናው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 የተሠራ ቶዮታ ካምሪ ሲሆን፥ ኤ 140 ኢ የሚባለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አለው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ ሆኑ ችግሩን በተራ ቍጥር ከፋፍለው ነገሩን። አንደኛ፥ መኪናው ከሞቀ በኋላ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲሻገር ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፤ ሁለተኛ፥ ጧት ጧት አራተኛው ማርሽ አይገባም፤ ሦስተኛ፥ የኋላ ማርሽ ዘግይቶ ይይዛል። ያዩት አንድ ጋራዥ ግን ሦስቱንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ፥ ከሌላ መኪና የወረደ ካምቢዮ እንዲገዙ ነገራቸው። «ልጆቼ፥ ለካምቢዮው የተጠየቅሁትን ያህል መኪናዋ ራሷ ብትሸጥ አታወጣም» አሉን።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ዲስኮች እርስ በርሳቸው ያጣብቃል፤ የትኞቹ ዲስኮች እንደ ተጣበቁ የመኪናው ማርሽ ይለያያል። ስለዚህ ካምቢዮው ሁልጊዜ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ አንዱ መቼ እንደሚቀይር፥ ሁለተኛው በምን ያህል ኀይል ዲስኮቹን እንደሚጨብጥ ነው። በቀደሙት ካምቢዮዎች ሁለቱንም የሚወስነው ዘይቱና ቫልቮቹ ብቻ ነበሩ። በኤ 140 ኢ ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። መቼ ይቀየር የሚለውን የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው፤ ትእዛዙንም ሶሌኖይድ በሚባሉ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ያስተላልፋል። በምን ያህል ኀይል ይጨበጥ የሚለው ግን ከነዳጅ መስጫው ጋር በተያያዘ አንድ ቀጭን የሽቦ ገመድ ይታዘዛል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ መርማሪ የገመዱን ጥፋት በኮምፒዩተሩ፥ የኮምፒዩተሩን ጥፋት በዲስኮቹ ሊያሳብብ ይችላል።

ምርመራውን የጀመርነው ከዘይቱ ነው። መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፥ ሞተሩ ሳይጠፋ መምረጫው ከፒ እስከ ኤል ተወስዶ ወደ ፒ ይመለሳል፤ ከዚያም የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ይታያል። ሞተሩን አጥፍቶ መለካት፥ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፥ ስሕተት ነው። የጋሼ መኪና ዘይት ልኩ ደኅና ነበር፤ ቀለሙ ጠቍሯል እንጂ የቃጠሎ ሽታ የለውም። (በዚህ ካምቢዮ የዲፈረንሻሉ ዘይት ለብቻው መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ዘንጉ የሚያሳየው እሱን አይደለም።) ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ጠየቅነው። በሞተሩ ክፍል ካለው የመመርመሪያ ሣጥን ቲ ኢ 1 እና ኢ 1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቍልፉን መክፈት ነው፤ ጥፋት ካለ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኦቨርድራይቭ መብራት ቍጥር እየቈጠረ ብልጭ ይላል። ለምሳሌ 62 እና 63 የሁለቱን የማርሽ ሶሌኖይዶች፥ 42 የፍጥነት ጠቋሚውን ያመለክታሉ። የኛው መብራት ቍጥር ሳይሰጥ በእኩል ልክ ብቻ ብልጭ አለ፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ጥፋት የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ገመዱ ሄድን። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በገመዱ ሽፋን ጫፍና በላዩ ባለው ማቆሚያ መካከል የሚገኘው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ብቻ መሆን ይገባዋል። እኛ ያገኘነው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነው! ከዚህ ቀደም የነዳጅ ማስገቢያውን ያጠበ ሰው ገመዱን አላልቶ ትቶት ኖሯል። ገመዱ ሲላላ ካምቢዮው አሽከርካሪው ነዳጅ የረገጠ አይመስለውም፤ ግፊቱ ያንሳል፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ደግሞ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ። ሞተሩ ብቻውን የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነበር። ሁለት ብሎን አላልቶ ገመዱን መልሶ ማጥበቅ ከሩብ ሰዓት አልወሰደም፤ ጩኸቱም ጠፋ።

የአራተኛው ማርሽ ነገር ደግሞ ከካምቢዮው ውጭ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ የሞተሩ ውሃ በቂ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ አራተኛውን ማርሽ ይከለክላል። በአገራችን ግን ሞተር እንዳይግል በሚል ሐሳብ ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ ከጋሼም መኪና አልነበረም። በአዲስ አበባ የክረምት ጧት እንዲህ ያለ ሞተር ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አዲስ ተርሞስታት ተገዝቶ ገባ።

ከሁሉ የከበደን የቀጠለው ፈተና ነው። መኪናው በእግርና በእጅ ፍሬን ተይዞ፥ ጎማው ታኮ ተደርጎለት፥ ከፊቱም ከኋላውም ሰው ሳይኖር፥ መምረጫው በዲ፥ ቀጥሎም በአር ላይ ሆኖ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ የሞተሩ ዙር የት ላይ እንደሚቆም ይነበባል። ከ5 ሴኮንድ በላይ ማቆየት ዘይቱን ያቃጥላል። በሁለቱም ቦታ ያገኘነው ዙር የጥገና መጽሐፉ ከሚሰጠው በ250 ግድም ያንሳል፤ መጽሐፉም ለዚህ ሞተሩ ደክሟል ወይም ቶርክ ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል ይላል። እኛም ደንግጠን ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩም በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሞተሩ ጕልበት በዚያው ልክ ሲቀንስ፥ በዚህ ፈተና የሚታየው ዙር የሚያንሰው በአንድ ዐሥረኛ ያህል ነው፤ ይህም ካገኘነው ጋር ይስማማል። ለማረጋገጥም ማርሹን ያለ እንከን በሚቀይር ሌላ ተመሳሳይ መኪና ላይ ሞከርነው፤ ያው ዝቅተኛ ቍጥር ወጣ። በባሕር ዳርቻ ልክ የተጻፈን ቍጥር እዚህ እንዳለ መቀበል ስንት ደኅና ኮንቨርተር እንዳስጣለ እግዜር ይወቀው።

የኋላ ማርሹ ቀረ። መምረጫውን ከኤን ወደ ዲ ስንወስድ መኪናው እስኪይዝ ከ1.2 ሴኮንድ፥ ወደ አር ስንወስድ ከ1.5 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም። ሦስት ጊዜ ለክተን አማካዩን ስንወስድ፥ ዲ በልኩ ሲይዝ አር ከ2 ሴኮንድ በላይ ፈጀ። የኋላ ማርሽ የሚይዘው በሁለት ክፍሎች ነው። አንዱ በሦስተኛ ማርሽም የሚሠራው ፍሪሲዮን ነው፤ ሦስተኛው አሁን ደኅና ስለ ሆነ እሱን ነጻ አወጣነው። ሌላው በኤል ላይ ሞተሩ መኪናውን ቍልቍለት እንዲይዝ የሚያደርገው የውስጥ ፍሬን ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በኤል ቀስ ብለን ወረድን፤ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ሲገባው ሸርተት ይል ጀመር። ያለቀው ይህ ክፍል ነው፤ እሱንም ካምቢዮውን ሳያወርዱ ማደስ አይቻልም።

ለጋሼ ይህንኑ ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና ለጊዜው እንዲቆይ ወሰኑ፤ ቍልቍለት ላይ በኤል መተማመን እንደሌለባቸውም አሳሰብናቸው። አሁን ማታ ሲገቡ መኪናዋን ከግቢው ውስጥ አዙረው ፊቷን ወደ በሩ ያቆሟታል።