ለአሮጌ ዲቲ አዲስ ጎማ

አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫና ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በአስፋልቱ ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። የጎሚስታው እንጀራ ግን ከአይሱዙና ከባጃጅ ነው። ባለ 4.00-8 የባጃጅ ጎማ በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል፤ የህንድ ሞተሮች የሚጫሙት ባለ 17ና ባለ 18 ኢንች ጎማም ብዙ ፍለጋ አያስፈልገውም፣ ተጠይቆ ይገኛል። ከገጠር ቀበሌ አሮጌ ያማሃ ዲቲ እየነዳ መጥቶ የፊት ጎማ የሚጠይቅ ሰው ግን ወደ ማርቆስ፣ ከማርቆስም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መላኩ የተለመደ ነው። የዲቲ የፊት ቸርኬ 21 ኢንች ነውና።

ዲቲ በአገራችን የቢሮ ሞተር ሆኖ ነው የሚታወቀው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ጥበቃው ሠራተኛ፣ የእርዳታ ድርጅቱ የመስክ ተቆጣጣሪ በዚሁ ሞተር ወጥተው ወርደዋል፤ በጨረታ ከመሥሪያ ቤት እየወጣም ብዙው በግለሰብ እጅ ገብቷል። ያማሃ ዲቲ-1 የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር ገበያ ላይ ያዋለው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ባለ 125ቱ ታናሽ በዲቲ ስም የመጣው በ1974 ነው። ያኔ የነበረው አብዛኛው ሞተር የአስፋልት ሞተር ነበር፤ ዲቲ ከአስፋልት ወርዶ በእግር መንገድ እንዲሄድ፣ ተመልሶም በአስፋልት ወደ ቤት እንዲገባ ታስቦ ተሠራ። የፊት ጎማው ትልቅ የሆነውም ለዚሁ ነው። ዙሪያው የሰፋ ጎማ ድንጋይ ሲገጥመው ከትንሹ ጎማ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወጣበታል፣ ጉድጓድ ውስጥም ያን ያህል ጠልቆ አይገባም። ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ በሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ላይ 17 ኢንቹንና 21 ኢንቹን አፈራርቆ የነዳ ሰው ልዩነቱን በክንዱ ያውቀዋል።

ጎማ ፍለጋ ከመውጣት በፊት የሚነበበው ቸርኬው ነው። አሮጌ ሞተር ላይ ያለውን ጎማ አይቶ «እንደዚህ ያለ ስጡኝ» ማለት አያዋጣም፤ ከዚህ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን ገጥሞበት ሊሆን ይችላልና። ጭቃው በውሃና በሽቦ ብሩሽ ሲለቅ ከቸርኬው ላይ በብረቱ የተመታ ጽሕፈት ብቅ ይላል። በዲቲ 125 የፊት ቸርኬ ላይ 1.60 × 21፣ በኋላው ላይ 1.85 × 18 የሚል ነው የሚጠበቀው። የመጀመሪያው ቁጥር የቸርኬው የውስጥ ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ስፋት ነው፤ ሁለቱም በኢንች። በጎማው ጎን ላይ ደግሞ ለፊት 2.75-21፣ ለኋላ 4.10-18 ተብሎ ይጻፋል። እዚህ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ ሁለተኛው ያው የቸርኬው ቁጥር ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ድርድር የሌለው የቸርኬው ነው። ለ21 ኢንች ቸርኬ 21 ኢንች ጎማ ብቻ ይገባል። ስፋቱ ግን ትንሽ ይቅር ይላል፤ ሻጭና ገዢ የሚከራከሩትም፣ ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ የኋላውን እንውሰድ። 4.10-18 ከሱቁ የለም። ሻጩ 3.00-18 ያወርድና «አያ፣ ይኸው ነው እኮ፤ ይኸም 18፣ የርስዎም 18» ይላል። አልዋሸም፣ ይገባል። ሲነፋም ያምራል። የሚያሳስበው ከመጠኑ አጠገብ በትንሹ የተጻፈችው ቁጥር ናት። በ4.10-18 ላይ ብዙ ጊዜ 59ፒ የሚል ይገኛል፤ በባለ አራት ንብር 3.00-18 ላይ 47ፒ። ፒ ማለት ጎማው በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው፤ ዲቲ እዚያ ስለማይደርስ እሱን እንተወው። 59 ግን 243 ኪሎ፣ 47 ደግሞ 175 ኪሎ መሸከምን የሚያሳዩ የሰንጠረዥ ቁጥሮች ናቸው። ባለ ስድስት ንብሩ 3.00-18 ላይ 52 ሊጻፍ ይችላል፤ 200 ኪሎ ማለት ነው።

አሁን ሞተሩን እንጫነው። ዲቲው ራሱ 110 ኪሎ ቢሆን ግማሹ፣ 55 ኪሎው፣ ኋላ ያርፋል። ነጂው 65 ኪሎ ቢመዝን ሁለት ሦስተኛው ወደ ኋላ ነው፤ 43 እንበል። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው 65። ከሱ ኋላ የታሰረች አንዲት ከረጢት ማዳበሪያ 50። ድምሩ 213 ኪሎ ነው። ባለ 47ቱ ወድቋል፣ ባለ 52ቱም ወድቋል፣ 59ኙ ብቻ ነው የተረፈው። ሁለት ሰውና አንድ ከረጢት ደግሞ በሰኔ በማቻከል መንገድ ላይ ብርቅ ጭነት አይደለም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም፤ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ንብሩ ከውስጥ ይላቀቃል፣ አንድ ቀን በቁልቁለት ላይ ይለቃል። ለኔ ቀጭኑ ጎማ ብቻውን ለሚሄድ መምህር ይሆናል እንጂ ለሚጭን ሰው አይሆንም። ቁመቱም ስለሚያንስ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ላይ አብዝቶ ይሽከረከራል።

ወደ ሰፊው መሄድም ገደብ አለው። አዳዲሶቹ ጎማዎች በኢንች ሳይሆን በሚሊ ሜትር ስለሚጻፉ ገዢው ግራ ይጋባል። 80/90-21 የሚል ካየ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው የስፋቱ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 21 ኢንች ማለት ነው፤ የ2.75-21 ተተኪ ተደርጎ የሚሸጠው እሱ ነው። ለኋላ 4.10ን የሚተኩት 100/90-18 እና 110/90-18 ናቸው። ከዚያ በላይ መስፋት ለዓይን እንጂ ለመንገድ አይጠቅምም። ጠባብ ቸርኬ ላይ የገባ ሰፊ ጎማ ጎንና ጎኑ ተጨብጦ መሃሉ ይሾላል፤ መሬት የሚነካው ክፍል ይሰፋል ሲባል ይጠባል። በዚያ ላይ ካቴናውንና ፓራፋንጎውን መፈተግ ይጀምራል። በበጋ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማው ላይ ተደርቦ ክፍተቱን ይሞላውና ጎማው መዞሩን ያቆማል። በአካባቢው ክረምት ላይ የፊት ፓራፋንጎአቸውን ፈትተው ቤት የሚያስቀምጡ ሞተረኞች የሚታዩት ለዚህ ነው።

ስለ ጥርሱ ብዙ ይባላል፤ እኔ አጭር ነኝ። ጥርሱ የተራራቀና ረጅም ጎማ ጭቃ ላይ ይነክሳል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን የሚረግጠው ጎማ ትንሽ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱም ቶሎ ይበላዋል። ከአማኑኤል ማርቆስ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ጥርሱ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ለሁለቱም መንገድ የተሠራውን ይግዛ። ቀኑን ሙሉ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞር ሰው ጥርሰ ረጅሙን ይግዛና አስፋልቱ ላይ ረጋ ብሎ ይንዳ።

ዕድሜው ግን በደንብ መታየት አለበት፣ በተለይ በኛ አገር። በጎማው ጎን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሞላላ ክብ ውስጥ፣ አራት አኃዝ ይታተማል። 2312 ቢል በ2012 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህ 2012 የፈረንጅ ነው። በኛ አቆጣጠር ሲሰላ ግንቦት መጨረሻ 2004 ላይ ያርፋል። ገዢው ሳያስብ «የ2012 ነው፣ ኮሮና የገባ ዓመት» ካለ ጎማውን በሰባት በስምንት ዓመት አሳነሰው። አራት አኃዙ ሳይኖር ሦስት ብቻ ካለ ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም እንኳ ከሱቁ አይውጣ። ላስቲክ ሳይነዳበትም ያረጃል። አየርና ፀሐይ ያደርቁታል፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል። ሱቅ በር ላይ ለማስታወቂያ የተሰቀለውን ጎማ ትቶ ከውስጥ ከጨለማው እንዲያወጡለት የሚጠይቅ ገዢ ያወቀ ነው። ጎኑን በሁለት አውራ ጣት ወደ ኋላ ማጠፍ፤ ከጥርሱ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ መመለስ። ብዙ ፋብሪካዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከአሥር ዓመት በላይ ግን መልኩ ቢያምርም እንዳይነዳበት ይመክራሉ።

ስለ ካላማዳሪ ደግሞ። ዲቲ ቸርኬው በሽቦ የተወጠረ ስለሆነ በየሽቦው ጫፍ ቀዳዳ አለ፤ ያለ ካላማዳሪ አየር አይይዝም። ጎማው ላይ «ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ» የሚል ምልክት ቢኖርበት ችግር የለውም፣ ካላማዳሪ ይገባበትና ይሄዳል። ዋናው ነገር አዲስ ጎማ ከአዲስ ካላማዳሪ ጋር መግባቱ ነው። አሮጌው በአሮጌው ጎማ ልክ ተለጥጦ ስለቆየ አዲሱ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ የታጠፈበትም ቦታ ይቀደዳል። ለ21 ኢንች የ18 ኢንች ካላማዳሪ ወጥሮ ማስገባትም የታወቀ ብልሃት ነው፤ የሳሳው ላስቲክ በትንሿ እሾህ ይተነፍሳል። በቸርኬው ላይ የሚዞረው የላስቲክ ቀበቶ ከተበጣጠሰ ይለወጥ፤ የሽቦውን ጫፍ ከካላማዳሪው የሚለየው እሱ ነው። የወጣው ካላማዳሪ ግን አይጣልም፤ በቁመቱ ተተልትሎ ከረጢቱን ከሞተሩ ጋር የሚያስር ምርጥ ገመድ ይወጣዋል።

ሲገጠም በጎማው ጎን የተሣለው ቀስት ይታይ። የኋላ ጎማ የሞተሩን ጉልበት ወደ መሬት ያስተላልፋል፣ የፊቱ ግን ትልቁን ኃይል የሚቀበለው ፍሬን ሲያዝ ነው፤ የሁለቱ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጎማ ላይ ለፊት አንድ ቀስት፣ ለኋላ ሌላ ቀስት ተሥሎ ይገኛል። ጎሚስታው ጠርዙን በሳሙና ውሃ ያርጥብና በሁለት ብረት ያስገባ፤ ከተነፋ በኋላ በጎማው ጎን የሚዞረው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ እኩል መራቅ አለበት። አንድ ቦታ ገብቶ ሌላ ቦታ ወጥቶ ከታየ አልተቀመጠም፤ ይተንፍስና እንደገና ይነፋ። ኮምፕሬሰሩ ሥራ የለመደው በአይሱዙ ጎማ ነው፤ የዲቲው የአይሱዙውን ግፊት ሩቡን ያህል ቢፈልግ ነው። ቁጥሩ በሞተሩ መመሪያ ወይም በካቴናው መከለያ ላይ ይገኛል። በነገራችን ላይ ሞተሩን ወደ አባይ በረሃ ይዞ ለሚወርድ ሰው፦ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ የውጭው አየር ሲከብድ መለኪያው ትንሽ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። ሁለቱ ስለሚቀናነሱ እዚያ ታች ሆኖ አየር ማውጣት አያስፈልግም።

ከሌላ አሮጌ ሞተር ባለቤት ጋር ሲተያይ የዲቲ ባለቤት ዕድለኛ ነው። የጥንቱን የጣሊያን ወይም የእንግሊዝ ሞተር የሚያድስ ሰው በመጠኑ ልክ ዛሬም የሚሠሩ ጥቂት ፋብሪካዎችን ይጠብቃል፤ በጀርመን ሃይደናው፣ በአሜሪካ ኮከር ያሉት የሚኖሩት በከፊል በነዚህ ሰዎች ነው። ባለ 8 ኢንች የጥንት ቬስፓ ያለው ሰው የባጃጅ ጎማ አይቶ ይጎመጃል፤ ቸርኬው ይስማማዋል፣ የሱ ግን 3.50-8 ስለሆነ የባጃጁ 4.00-8 ሲሰፋ ይፈትጋል። ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች የሆነው የዲቲ መጠን ግን ዛሬም ለጭቃና ለድንጋይ የሚሠሩ አዳዲስ ሞተሮች መጠን ነው። ስለዚህ ጎማው አልጠፋም፤ ከአማኑኤል የራቀው የዚህ አካባቢ ገበያ ወደ 17ና 18 ስላዘነበለ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ዲቲ ያላቸው ጎረቤታሞች ተስማምተው ባንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ጎማ ተራ ቢያስመጡ መንገደኛ መላኩም፣ ጭነቱም ይረክስላቸዋል። ለክረምቱ የሚፈለገው በሚያዝያ ይታዘዝ፤ በሐምሌ ሁሉም ይፈልገዋል።

አዲስ ጎማ ሲወጣ ገጹ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ልስላሴ አለው፤ ያንሸራትታል። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትሮች ያህል ያለ ጭነት፣ በማዞሪያ ሳይጋደሙ፣ ፍሬኑን በእርጋታ እየያዙ መሄድ ነው። ከዚያ በኋላ አየሩ ይለካ፤ ሽቦዎቹም አንድ በአንድ በብረት መታ መታ ተደርገው ይሰሙ፣ የላላው ድምፁ የደነዘዘ ነው። የካላማዳሪው ቫልቭ ከቸርኬው ቀጥ ብሎ ወጥቶ እንደሆነም ይታይ። ዘንበል ካለ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ካላማዳሪውን እየጎተተ ነው፤ ቫልቩ ከሥሩ ሳይበጠስ ጎሚስታው አየሩን አውጥቶ ያስተካክለው።