የአንድ ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ በቆጠራ መዝገብና በጋዜጣ

ስለ አንድ ቤተሰብ ያለፈ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሽማግሌዎችን ነው። ሽማግሌዎች ግን ያልፋሉ፤ ትዝታቸውም በዕድሜ ብዛት ይደበዝዛል፤ አንዳንዱንም ነገር አውቀው ይተዉታል። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ ማለትም በዊስኮንሲን፣ በአዮዋ፣ በሚኒሶታ፣ በካንሳስና በአጎራባቾቻቸው ግዛቶች የሰፈሩትን የገበሬ ቤተሰቦች ሐረግ የሚመረምሩ ሰዎች ከአፍ ታሪክ ቀጥሎ የሚያገላብጡት የሕዝብ ቆጠራ መዝገብንና የትንንሽ ከተሞችን ጋዜጣ ነው።

እንዴት እንደሚሠራበት ለመረዳት የኢንጋልስን ቤተሰብ እንመልከት። የዚህ ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ደራሲ ሎራ ኢንጋልስ ዋይልደር (1867-1957) ስለ ልጅነቷ የጻፈቻቸው የሕፃናት መጻሕፍት ከ1932 ጀምሮ ስለታተሙ፣ ወላጆቿና እኅቶቿ በብዙ አንባቢዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ መጽሐፉ የሚለውንና መዝገቡ የሚለውን ጎን ለጎን ለማስተያየት ይቻላል።

በቅድሚያ የመዝገቡን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1790 አንሥቶ በየዐሥር ዓመቱ ሕዝቡን ይቆጥራል። እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ብቻ ነበር፤ ሌላው ቤተሰብ በቁጥር ይገለጽ ነበር። በ1850 ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በየስሙ፣ ከዕድሜውና ከትውልድ ቦታው ጋር መመዝገብ ጀመረ። እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ ኃላፊ ምኑ እንደሆነ የሚያስረዳው ዓምድ የተጨመረው ግን በ1880 ነው። እንግዲህ በ1870 መዝገብ ውስጥ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና ጥቂት ሕፃናት በአንድ ቤት ተዘርዝረው ብታገኙ፣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ናቸው ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ሌላ ማስረጃ መፈለግ ይኖርባችኋል። የሟች ወንድም ልጆች ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆኑ ይችላሉና።

ሎራ በ1935 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አባቷ በካንሳስ ሜዳ ላይ የሠራው ቤት ኢንዲፔንደንስ ከተባለችው ከተማ 40 ማይል ይርቅ እንደነበር ትተርካለች። በዚህ ርቀት ተመርቶ የሚፈልግ ሰው ቦታውን አያገኘውም። ፍንጩን የሰጠው የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዚያ ዘመን የልጆችን ልደት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መመዝገብ የተለመደ ስለነበር፣ ሦስተኛይቱ ልጅ ካሪ ኦገስት 3 ቀን 1870 በካንሳስ፣ በሞንትጎመሪ አውራጃ እንደተወለደች በዚያ ተጽፎ ቆይቷል። አውራጃው ከታወቀ ዘንድ የዚያን ዓመት ቆጠራ ገልጦ ማየት ቀላል ነው፤ ቤተሰቡም ራትላንድ በተባለው አነስተኛ ወረዳ ተመዝግቦ ተገኘ። ስፍራው ከኢንዲፔንደንስ የሚርቀው 13 ማይል ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛው የስሙ አጻጻፍ ነው። በአሜሪካ ልጆች የሚጠሩት እንደ እኛ አገር በአባታቸው የግል ስም ሳይሆን ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ ሐረግ ቈጣሪው ያንን ስም እንደ ክር ይዞ ወደ ኋላ ይጓዛል። ነገር ግን ቆጣሪው ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የሰማውን ድምፅ ስለሚጽፍ ክሩ በቀላሉ ይበጠሳል። በዚያ ገጽ ላይ «ኢንጋልስ» የሚለው ስም «ኢንግልስ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቤተሰቡ በካንሳስ አልነበረም ብሎ መዝገቡን ይዘጋው ነበር።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ከባድ ነው። ቆጠራው የእያንዳንዱን ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ግምት ይጠይቅ ነበር። በዚያ ወረዳ ግን መሬቱ የኦሴጅ ሕዝብ እንደሆነና ሰፋሪዎቹ የባለቤትነት መብት እንደሌላቸው ቆጣሪው በማስታወሻ አስፍሯል። የኢንጋልስ ቤተሰብ ጎጆውን የቀለሰው በሰው ርስት ላይ ነበር ማለት ነው። ኦሴጆች በዚያው ዘመን መሬታቸውን ለቀው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተዛወሩ። በመሠረቱ ቆጣሪው ይህን የጻፈው ዓምዱን ለምን ባዶ እንደተወ ለማስረዳት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከረጅም ትረካ የማይገኘውን እውነት ይዞልን ቆይቷል። ስለዚህ መዝገብ ስትመረምሩ የተሞላውን ብቻ ሳይሆን ባዶውን ሥፍራና የዳር ማስታወሻውንም አንብቡ።

ዕድሜም የሚነግረን ነገር አለ። ሎራ የተወለደችው በፌብሩዋሪ 1867 ስለሆነ በ1870 ቆጠራ ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በመጽሐፉ ውስጥ የምናያት ልጅ ግን ከዚያ ከፍ ያለች ናት፤ ካሪም በካንሳስ ሳትወለድ በፊት ሕፃን ሆና ከቤተሰቡ ጋር ትጓዛለች። ይህ ውሸት አይባልም፤ ደራሲዋ ልብ ወለድ እያዘጋጀች ነበርና። ሐረግ ቈጣሪው ግን የአንዱን ሥራ ከሌላው መለየት አለበት።

ጋዜጣው መዝገቡ ዝም ባለበት ዘመን ይናገራል። በየትንሹ ከተማ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጡት ጋዜጦች የዘመድ ጥየቃን፣ ሕመምን፣ ሠርግንና ሞትን ሳይቀር ያትሙ ነበር። የሎራ ታላቅ እኅት ሜሪ በ1879 የዓይኗን ብርሃን አጣች። በ1939 የታተመው መጽሐፍ ምክንያቱን ስካርሌት ፊቨር በተባለው የሽፍታ ትኩሳት ያሳብባል። በሚኒሶታ ይታተም የነበረው ሬድውድ ጋዜት ግን በዚያው በ1879፣ ሜሪ በብርቱ የራስ ምታት ዐሥር ቀን ያህል እንደተኛች፣ የአንጎል መድማት እንደተፈራና የፊቷ አንድ ወገን በከፊል እንደሰለለ አትሟል። በ2013 የሕክምና ሊቃውንት ይህንና ሌሎች ሰነዶችን መርምረው፣ ሜሪን ያሳወራት በቫይረስ የሚመጣ የአንጎልና የአንጎል ሽፋን ብግነት ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ጽፈዋል። እነዚያ ጥቂት መስመሮች ባይታተሙ ኖሮ ከ130 ዓመት በኋላ ሐኪም የሚመረምረው ነገር ባልኖረ ነበር።

ከጋዜጣ ስትቀዱ «ባለፈው ማክሰኞ» የሚለውን ቃል እንዳለ አትገልብጡት፤ ከእትሙ ቀን ተነሥታችሁ ቀኑን አስሉ። የራሳችሁን ጽሑፍ ስታዘጋጁም ለግሡ ተጠንቀቁ። «40 ማይል ይርቃል» እና «40 ማይል ይርቃል ተብሎ ተጽፏል» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ትርጉማቸው አንድ አይደለም።

ሁለቱም ምንጮች የማይደርሱበት ቦታ አለ። የ1890 ቆጠራ መዝገብ አብዛኛው ክፍል በጃንዋሪ 1921 በዋሽንግተን በተነሣው እሳትና ውኃ ተጎድቶ፣ በኋላም የተረፈው እንዲወገድ ስለተደረገ፣ ከ1880 እስከ 1900 ያለው ሃያ ዓመት ለተመራማሪዎች ትልቅ ክፍተት ነው። የኢንጋልስ ቤተሰብ ደግሞ ቻርልስ ፍሬደሪክ የሚባል ወንድ ልጅ ነበረው። በኖቬምበር 1875 ተወልዶ በኦገስት 1876 ሞተ። የ1870ው ቆጠራ ሲካሄድ ገና አልተወለደም፤ የ1880ው ሲመጣ በሕይወት የለም። ሚኒሶታ በ1875 ያካሄደችው የግዛት ቆጠራም ከመወለዱ በፊት ተጠናቋል። ሎራም በመጻሕፍቷ ውስጥ አላነሣችውም። እንዲህ ላሉ ሕፃናት የሚረዳው የ1900 ቆጠራ ነው፤ እያንዳንዷ እናት ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ትጠየቅ ነበርና። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ተመራማሪው የመቃብር ድንጋይና የቆየ ጋዜጣ ፍለጋ ይነሣል።