ቶንሲሉ ሲድን ልብ ላይ የሚቀረው

እ.ኤ.አ. በ2022 የፍራንክፈርት ሐኪሞች ከዚያ በፊት የልብ ሕመም ያልነበረባቸውንና ኮቪድ ቀለል ብሎ ያለፈላቸውን 346 ሰዎች በኤምአርአይ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ከተያዙ ከሦስት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ከመቶ 73ቱ ትንፋሽ ያጥራቸው፣ ልባቸው ይመታባቸው ወይም ደረታቸውን ያማቸው ነበር፤ ዓመት ሊሞላ ሲልም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተሻላቸውም። ተመርማሪዎቹ ራሳቸው ፈቅደው የቀረቡ ስለሆኑ ቁጥሩ የሕዝቡን ሁሉ ሁኔታ አያሳይም። ያም ሆኖ ጥናቱ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን ልብ ላይ ምልክት ጥሎ ሊያልፍ እንደሚችል፣ ያንንም ለማየት ምስል እንደሚያስፈልግ ለዓለም አሳስቧል። ለወላይታ ግን ነገሩ በኮቪድ የተጀመረ አይደለም።

በወላይታ ኦፋ ወረዳ በገሱባም ይሁን በሌላው የአገራችን ገጠር፣ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው» ይባላል። በጨውና በሞቀ ውሃ ይጉመጠመጣል፣ በአንዳንድ ቦታ እንጥሉ ይቆረጣል፣ በሳምንቱ ድኖ ትምህርት ቤት ይመለሳል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በዚሁ ያበቃል። የተወሰነው ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ይህ ሕመም በጊዜ ካልታከመ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የአንዳንዱ ልጅ የበሽታ መከላከያ አቅም ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ጉልበቱ ያብጣል፣ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ቤተሰብም ቁርጥማት ነበር ብሎ ይረሳዋል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይይዛል፣ ጉሮሮው በዚያው ባክቴሪያ በድጋሚ በተያዘ ቁጥርም ጉዳቱ ይብሳል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበትና በአገሪቱ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ በሆነው ወላይታ፣ ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ ለመተላለፍ አይቸገርም። ልጅቷ አድጋ ስታረግዝ ልቧ ተጨማሪውን ደም መግፋት ያቅተዋል፤ ብዙዎች የልብ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት ያኔ ነው።

ታዲያ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? በማዳመጫ ብቻ ከሆነ እምብዛም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በሞዛምቢክ 2170 ተማሪዎችን መርምሮ በማዳመጫ 5፣ በልብ አልትራሳውንድ ግን 66 የታመሙ ልጆች አግኝቷል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጅማ ተማሪዎች ምርመራ ከ1000 ልጆች 30 በሚሆኑት ላይ የቫልቭ ለውጥ አሳይቷል፤ ልጆቹ ምንም የማይሰማቸው ነበሩ። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አያምም። ልጁ በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ደረቱ ላይ ጄል ይቀባል፤ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ደምም በቀለም ሆኖ በስክሪኑ ላይ ይታያል።

በገሱባ የኢኮ ምርመራ ያስፈልጋል የምለው ግን ማየት በራሱ መልካም ስለሆነ አይደለም፤ ከታየ በኋላ የሚደረግ ነገር ስላለ ነው። በፍራንክፈርት ለተገኘው ለውጥ በጥናት የጸና መድኃኒት አልነበረም። ከጉሮሮ ሕመም ለሚመጣው የቫልቭ ጉዳት ግን በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ፦ ነጭ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በወፍራም መርፌ ጡንቻ ላይ የሚሰጥ፣ የሚያም፣ ዋጋው ግን ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒት። በሰሜን ኡጋንዳ በኢኮ የቫልቭ ለውጥ የታየባቸው፣ ምልክት ግን ያላሳዩ 818 ልጆች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ መርፌውን ከወሰዱት በሽታው የባሰባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ካልወሰዱት ግን ከመቶ 8 አለፉ።

ጤነኛ መስሎ የሚሮጥን ልጅ ለምን በሽተኛ እናሰኘዋለን የሚል ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ያው የኡጋንዳ ጥናት እንደሚያሳየው መርፌ ካልወሰዱት መካከል አብዛኞቹ በሁለቱ ዓመት አልባሰባቸውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ምስል ብቻ መርፌ መጀመር የለበትም፤ ውጤቱ በወላይታ ሶዶ ባለ ሐኪም መረጋገጥ፣ ወላጅም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት መወሰን አለበት። ሌላው ስጋት መርፌው ሰው ይገድላል የሚለው ነው፤ ብዙ ጤና ባለሙያ ለመውጋት የሚያመነታው በዚህ ምክንያት ነው። አለርጂ አለ፣ ዝግጅትም ይፈልጋል፤ በኡጋንዳው ጥናት ግን የታየው ቀላል የአለርጂ ድንጋጤ አንድ ብቻ ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስረዳው፣ ከመርፌ በኋላ ከደረሱት ሞቶች ብዙዎቹ ከአለርጂ ይልቅ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ልብ መድከም ጋር የሚገናኙ ናቸው፤ ለእነሱ የሚዋጥ መድኃኒት ይመረጣል። እንግዲያው ፍርሃቱ ራሱ ልጆቹን በጊዜ ለማግኘት ምክንያት ነው፤ መርፌው ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆነው ቫልቩ ገና ብዙ ሳይጎዳ ነውና።

አቅም የለንም የሚለውን በግማሹ እቀበላለሁ። የተጎዳ ቫልቭ መጠገን ውድ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት ጥረት በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስከማስከፈት ደርሷል፤ ሆኖም ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ለክትትሉ ግን ወላይታ የራሱ ልምድ አለው። ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ለማከም በሶዶ የተቋቋመው ሞሲ ፉት ሕሙማኑ በየአካባቢያቸው ቋሚ ክትትል የሚያገኙበትን ሥራ ለዓመታት አካሂዷል፤ ከታከሙትም መካከል ሌሎችን የሚረዱ ሠራተኞች ወጥተዋል። በየወሩ መርፌ የሚወስድ ልጅ የሚፈልገውም እንዲህ ያለ ክትትል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ኅብረት የጸደቀው፣ ስለዚሁ የልብ ሕመም የወጣው የአዲስ አበባ መግለጫ የሕሙማን መዝገብ እንዲኖር፣ ፔኒሲሊን እንዳይቋረጥ፣ አልትራሳውንድም ወደ ወረዳ እንዲወርድ ጠይቋል። ለገሱባ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ይመስለኛል። መርፌው ሳይቋረጥ የሚገኝበት ጤና ጣቢያ፣ ከመርፌው የቀረውን ልጅ ስም የሚይዝ መዝገብና ቤቱ ድረስ ሄዳ የምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቅድሚያ ይዘጋጁ፤ ተንቀሳቃሹ ኢኮ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።