መቼት እንደ ፈተና፦ በደሴት የቀሩ ልጆች በልቦለድና በገሃዱ ዓለም

መቼት ታሪኩ የተፈጸመበትን ቦታና ጊዜ ከማመልከት አልፎ ገፀ ባሕርያት የሚፈተኑበት መድረክ ሊሆን ይችላል። ሰው አልባ ደሴት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ደራሲው ሕግን፣ ወላጅንና መምህርን ባንድ ጊዜ አስወግዶ የልጆቹን ጠባይ ለመመርመር ያስችለዋልና።

ስኮትላንዳዊው ባላንታይን እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው «የኮራል ደሴት» መርከብ የተሰበረባቸው ሦስት ልጆች ተባብረው በደስታ ይኖራሉ፤ ክፋት የሚመጣባቸው ከውጭ ነው። ዊልያም ጎልዲንግ በ1954 ባወጣው «የዝንቦች ጌታ» ደግሞ ራልፍና ጃክ የሚሉትን ስሞች ከባላንታይን ወስዶ ታሪኩን ገለበጠው። ልጆቹ ጎራ ለይተው ይገዳደላሉ፤ ክፋቱም ከውስጣቸው ይመነጫል።

በ1965 ስድስት የቶንጋ ተማሪዎች ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጠፍተው፣ የሰው ጀልባ ሳያስፈቅዱ ወስደው ባሕር ገቡ። ማዕበል ጀልባዋን ጎዳት፤ ስምንት ቀን ያህል ሲንገላቱ ቆይተው አታ ከምትባል ገደላማ ደሴት ደረሱ። በዚያም ሁለት ሁለት እየሆኑ ሥራ ተከፋፈሉ፤ ያነደዱት እሳት እንዳይጠፋ ጠበቁ፤ የዝናብ ውሃ በተቦረቦረ ግንድ አጠራቀሙ። ሲጣሉ ንዴታቸው እስኪበርድ ተለያይተው ይቆያሉ። አንዱ እግሩ ሲሰበር ሌሎቹ አሰሩለት፤ የሥራ ድርሻውንም ሠሩለት። ከ15 ወር በኋላ አውስትራሊያዊው ፒተር ዋርነር ሲያገኛቸው ስድስቱም በሕይወት ነበሩ።

ታሪኩ በ2020 በሩትገር ብሬግማን መጽሐፍ አማካይነት ዳግም ሲሰማ፣ ጎልዲንግን እንደሚያስተባብል ማስረጃ ተወሰደ። ይህ አነባበብ ግን ሊጤን ይገባዋል። የቶንጋዎቹ ልጆች ቀድሞ የሚተዋወቁ፣ አብሮ መሥራትንና አብሮ መጸለይን ከቤታቸው የለመዱ ጓደኛሞች ነበሩ። የጎልዲንግ ልጆች ግን ጦርነት ያሸሻቸው፣ አብዛኞቹም የማይተዋወቁ ናቸው። ከዚህም ሌላ አታ ታሪክ አልባ አልነበረችም። በ1863 ባሪያ ፈንጋዮች ብዙ ነዋሪዎቿን አፍነው ወስደዋል፤ የቀሩትም ወደ ሌላ ደሴት ተዛውረዋል። ልጆቹ የበሉት ሙዝና ያገኟቸው ዶሮዎች የእነዚያ ሰዎች ትራፊ ነበሩ። ስለዚህ ያዳናቸው የራሳቸው ሥነ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የቀደሙት ሰዎች ድካም ጭምር ነው።

ተማሪዎች በፈተና ወረቀታቸው «ጎልዲንግ ሰው ክፉ መሆኑን አረጋገጠ» ብለው መጻፋቸው የተለመደ ነው። ልቦለድ ግን አያረጋግጥም፤ ሁኔታዎችን መርጦ አንድን ዕድል ያሳያል እንጂ። አንድ እውነተኛ ታሪክም እንዲሁ የሰውን ልጅ ሁሉ ጠባይ አይወስንም። ተገቢው የሐያሲ ጥያቄ «ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ሳይሆን፣ «ደራሲው ከልጆቹ ላይ ምን አነሣባቸው? ምንስ ተወላቸው?» የሚለው ነው።