የጥንት ልብስ ቀለም ስለ ዕድሜው የሚሰጠው ምስክርነት

የጥንት ሐርና ስጋጃ በሚሸጥበት ገበያ የዕቃው ዋጋ ከውበቱ ይልቅ በዕድሜው ይወሰናል። ሻጩ «የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ ነው» ቢል ገዢው እውነቱን በምን ያረጋግጣል? ቀድሞ የሚታመነው የዐዋቂ ዐይን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀለሙ ራሱ ተመርምሮ ይመሰክራል።

የምርመራው አሠራር እንዲህ ነው። ከልብሱ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን ክር ተወስዶ ቀለሙ በአሲድ እንዲለቅ ይደረጋል። ፈሳሹም ደቃቅ ዱቄት በታጨቀበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ በኀይለኛ ግፊት ያልፋል። የቀለሙ ንጥረ ነገሮች ፍጥነታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው ተለይቶ በየተራው ይወጣል፤ መሣሪያውም እያንዳንዱ የሚውጠውን ብርሃን መዝግቦ ምንነቱን ያሳውቃል። ይህም ዘዴ ክሮማቶግራፊ ይባላል።

ለዚህ ቀይ ቀለም መልካም ምሳሌ ነው። ማደር ከሚባለው ተክል ሥር የሚገኘው ቀይ በአሊዛሪን ይታወቃል። በሜክሲኮ በበለስ ቁልቋል ላይ ከሚኖረው ኮቺኒል ከተባለው ተባይ የሚገኘው ቀይ ደግሞ በካርሚኒክ አሲድ የበለጸገ ነው። እስፓኞች ሜክሲኮን የያዙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1521 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በሜክሲኮ ኮቺኒል የተነከረ የአውሮፓ ሐር ከዚያ ዘመን በፊት ተሠርቷል ማለት አይቻልም። ሆኖም የፖላንድና የአርመን ቀይ ተባዮችም ካርሚኒክ አሲድ ስላላቸው፥ መርማሪው አብረው የሚገኙትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ጭምር ማመዛዘን ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ወሰን 1856 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ፥ የወባ መድኀኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር፥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በተገኘ ነገር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ስለዚህ የሦስት መቶ ዓመት ነው በተባለ ስጋጃ ውስጥ እንዲህ ያለ የፋብሪካ ቀለም ቢገኝ የሻጩ ቃል ይፈርሳል።

ነገር ግን ፍርዱ መቸኰል የለበትም። የተመረመረው ክር በኋላ ዘመን ለጥገና የገባ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ከልዩ ልዩ ቦታ መወሰድ አለበት። ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ቀለምም ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ ከጀርመን ፋብሪካ ለገበያ ሲቀርብ ዋናው ንጥረ ነገሩ ከተክሉ ጋር አንድ ስለ ነበረ፥ በተለመደው ምርመራ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ ምርመራው የልብሱን የልደት ዓመት አይናገርም፤ ከየትኛው ዘመን ሊቀድም እንደማይችል ግን ያስረዳል። ውድ የሆነ የጥንት ልብስ የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የቀለሙን ምርመራ ውጤትና ናሙናው የተወሰደበትን ቦታ ቢጠይቅ፥ ገንዘቡንም ስሙንም ይጠብቃል።