3 በመቶው ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? የእናትና የልጅ ጉዳይ

ዛሬ በደም ግፊት ጀምሬ ወደ ፖለቲካ እገባለሁ፤ ታገሱኝ።

ደሴ ተረኛ በነበርኩበት ቀን አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ መጣች። ከባድ ራስ ምታት አላት፣ ግፊቷ 190/110። «መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» ስላት «አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው ዶክተር፣ እንዲበረክትልኝ» አለችኝ።

አብረዋት የመጡት እናቷም የግፊት ታካሚ ናቸው። ተሁለደሬ ነው የሚኖሩት፣ አርሶ አደር ናቸው፣ የጤና መድን ደብተር አላቸው። «አብሽር ልጄ፣ እኔስ እታከማለሁ። ይቺ ደመወዝተኛዋ ናት የተቸገረችው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። እሱ ግን ለአርሶ አደሩና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛው ማኅበራዊ ጤና መድን የሚባል አለ፤ አዋጁ ቁጥር 690 ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሐሳቡ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው፣ በተለይ መምህራን፣ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የሚጀመርበት ቀንም በተደጋጋሚ ተራዘመ። ልጅቷ እኔ ጋ እስከመጣችበት ቀን ድረስ ለዚህ መድን አንድ ብር ተቆርጦባት አያውቅም። መድኃኒቷን የምትገዛው ከኪሷ ነው።

ታዲያ ተቃዋሚዎቹ ተሳስተዋል? እኔ እንደዛ አልልም።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቡና ላይ ይሄ ነገር ሲነሳ ይቆጣሉ። «መደርደሪያው ባዶ ለሆነ መድኃኒት ቤት ነው የምከፍለው?» ይላሉ። መልስ የለኝም። ተቋሙ ውስጥ እንደሌለ እያወቅኩ «ውጭ ግዙ» ብዬ የጻፍኩትን ማዘዣ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ የከተማችን ሆስፒታል ሲዘረፍ የሆነውን የደሴ ሰው ያውቀዋል። ያም ሆኖ መደርደሪያው የሚሞላው በገንዘብ ነው። መድኑ ለጤና ተቋሙ ይከፍላል፣ ተቋሙ በዚያ መድኃኒት ይገዛል፤ ክፍያው ከዘገየ ወይ ከሌለ መደርደሪያው እንደገና ባዶ ነው።

አንድ ቀን ግን ጥያቄውን ገለበጥኩት። «ጋሼ፣ ምን ቢሟላ ይከፍሉ ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። ያለውና የሌለው መድኃኒት በር ላይ ይለጠፍ። ውጭ የገዛሁበት ደረሰኝ ካለ ገንዘቤ ይመለስልኝ። ገንዘባችን የት እንደዋለ በየዓመቱ ይነገረን። ቅሬታ የሚሰማ ሰው፣ ስልክ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ። ይሄ ሁሉ ካለ ነገውኑ ይቁረጡ!

በቃ፣ ይሄ ነው የጎደለው። «አንከፍልም» የሚለው ድምፅ ተሰምቶ ቀኑ ተራዘመ፤ እነዚህ አራቱ ግን የትም አልደረሱም። በመራዘሙ የተጎዳው ደግሞ ስብሰባ ላይ ያልነበረ ሰው ነው። ሒሳቡን አስቡት፦ ደመወዟ 3,000 ብር ቢሆን ከእሷ የሚቆረጠው 90 ብር ነው። አሠሪውም ሌላ 90 ይጨምራል። መንግሥትም ቢሆን ቀን ከማስታወቅ ይልቅ እንደ ጋሼ ያሉትን ቁጭ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ!

የመድን ደብተር ያላችሁ መድኃኒት «የለም» ስትባሉ በባዶ እጅ አትውጡ። በማዘዣው ላይ አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ፣ ደረሰኝ ያዙ፣ ከዚያ የወረዳችሁን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት «ይመለስልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የግፊት መድኃኒት ደግሞ እባካችሁ አይዘለል፤ ስትሮክ የሚመጣው እንደዚህ ነው። ከተወደደባችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ብዙ ጊዜ ረከስ ያለ አማራጭ አለ።

ለልጅቷም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ረከስ ወዳለው ቀየርኩላት። በሁለት ሳምንቷ ስትመለስ 150/95 ነበረች። ገና ነው፣ ግን በየቀኑ እየወሰደች ነው።