ራብ ሌላ፥ አምሮት ሌላ

አማርኛችን «ራበኝ» እና «አማረኝ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። ራበኝ የሚል ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይበላል፤ አማረኝ የሚል ግን የሚሻውን ነገር በስሙ ለይቶ ይጠራል። የተራበ በጠገበ ጊዜ ጉዳዩ ያልቃል፤ ያማረው ግን ጠግቦ ከማዕድ ከተነሣም በኋላ አምሮቱ ላይለቀው ይችላል። ይህ ልዩነት ለብዙዎቻችን ተራ ነገር ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ጤናውን ስለ ጎዳበት ጨጓራውን በኦፕራሲዮን ላስቀነሰ ሰው ግን ከፍ ያለ ጉዳይ ነው፤ የሐኪሙ ቢላዋ ራቡን ይቀንስለታል እንጂ አምሮቱን ከነሥሩ ነቅሎ አይጥልለትምና።

ይህ ለምን እንደ ሆነ፥ አምሮትንስ በምን ዘዴ መቋቋም እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን የቢላዋውን ነገር ባጭሩ አልፈን፥ ስለ ሰው ልማድና ሐሳብ ሰፋ አድርገን እናወሳለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ከባልደረባቸው ከዶክተር ኢቶ ጋር ሆነው ምግብ አብዛኛውን ጨጓራ ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ኦፕራሲዮን ጀመሩ። ዛሬ በሚሠራበት ዓይነት የጨጓራው ላይኛ ክፍል ተለይቶ ከአንድ የዶሮ እንቁላል የማይበልጥ ከረጢት ይደረግና ከትንሹ አንጀት ጋር ይቀጠላል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ የበለጠው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ እጅጌ ጠባብና ረጅም ይሆናል። ነገሩ ለቁንጅና የሚደረግ አይደለም። በስዊድን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ከ4000 በላይ ሰዎችን ይዞ በተካሄደውና በ2007 ዓ.ም. ስለ ሞት መጠን ባስታወቀው ጥናት፥ ልዩ ልዩ ዓይነት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ሰዎች በውፍረት ከሚመስሏቸውና ካልተደረገላቸው ሰዎች ይልቅ በሞት የተለዩት ቁጥራቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ራቡስ በምን ይቀንሳል? በ1999 ዓ.ም. ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን ለአንጎል «ብላ» የሚል መልእክት የሚያደርስ ሲሆን፥ አብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛ ክፍል ነው። ጨጓራው እንደ እጅጌ ሲጠብ ተቆርጦ የሚወጣው በተለይ ይህ ክፍል ነው። የመጥገብን ወሬ የሚያደርሱት ሆርሞኖችም ከምግብ በኋላ ከቀድሞው ይበረክታሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት መብላቱን እስከ መርሳት የሚደርስ ሰው አለ። «ከእንግዲህ ወዲያ ዳንሁ» ይላል። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ቀን ማታ፥ ሆዱ ምንም ሳይጎድልበት፥ የቸኮላት ሐሳብ መጥቶ ይይዘዋል።

ይህ አምሮት ከየት መጣ? ጥያቄው የቆየ ነው። በ1912 ዓ.ም. በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካነንና ተማሪያቸው ዋሽበርን አንድ ምርምር አሳተሙ። ዋሽበርን ፊኛ ውጦ፥ ጨጓራው በሚኮማተርበትና ራብ በሚሰማው ጊዜ ሁለቱ እንደሚገጣጠሙ አሳየ። ራብ ማለት የጨጓራ መኮማተር ነው ተባለ። ነገር ግን በ1931 ዓ.ም. ዋንገንስቲንና ካርልሰን ጨጓራው ፈጽሞ የወጣለት ሰው ራብ እንደሚሰማው መሰከሩ። ራብ እንኳ ያለ ጨጓራ የሚኖር ከሆነ፥ በዓይን፥ በአፍንጫና በትዝታ የሚቀሰቀሰው አምሮትማ እንዴት ከጨጓራ ጋር ተቆርጦ ይወጣል?

ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ምግብ ከመቅረቡ አስቀድሞ አንድ ድምፅ ደጋግሞ ያሰማቸው ውሾች፥ በመጨረሻ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸው ይፈስ ነበር። እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። ቡና ሲቆላ ፈንድሻው ትዝ ይለናል። የፈተና ማታ የማያጣፍጥ ሰው ጥቂት ነው። ለዓመታት ኀዘኑንና ብቸኝነቱን በጣፋጭ ሲያስታግሥ የኖረ ሰው ምግቡ መድኃኒቱ ሆኖለት ነበር። ኦፕራሲዮኑ መድኃኒቱን ይነሣዋል፤ ሕመሙ ግን በቦታው ነው። ስለዚህ ሰውየው ኀዘን በመጣበት ሰዓት እጁ ወደ ለመደው ይዘረጋል። ይህን ስስት ብሎ መጥራት ነገሩን አለማወቅ ነው።

አደጋው ግን ቀላል አይደለም። የጠበበው ጨጓራ ብዙ ሥጋና እንጀራ አይችልም፤ አይስክሬም፥ ቸኮላት፥ ብስኩትና ጣፋጭ መጠጥ ግን ያለ ችግር ይንሸራተታሉ። አምሮቱን የሚከተል ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ስለማይችል ቀኑን ሙሉ እንደ በግ ጥቂት ጥቂት ይግጣል፤ የወረደውም ክብደት ቀስ በቀስ ይመለሳል። ጨጓራው ተከፍሎ ከአንጀት ጋር በተቀጠለለት ሰው ላይ ደግሞ ስኳር በፍጥነት ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ያልበዋል፥ ልቡ ይመታል፥ ያጥወለውለዋል። አንዳንዱም ከምግብ ወደ መጠጥ ይዞራል። በዚህ ኦፕራሲዮን ምክንያት አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናትም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሁለተኛው ዓመት የመጠጥ ችግር ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከቀድሞው እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰውየው አፍሮ ነገሩን መደበቁና ሐኪሙን መሸሹ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፥ ራብን ከአምሮት መለየት ነው። ራብ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ማንኛውንም ምግብ ይቀበላል። አምሮት በድንገት ይመጣል፤ የሚሻውም አንድ ነገር ነው። «አሁን አንድ የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጡኝ እበላለሁን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው። መልሱ አዎን ከሆነ ራብ ነውና ይበላ።

ሁለተኛ፥ ምግብን በሰዓቱ መብላት ነው። እንቁላል፥ ዓሣ፥ ሥጋ ወይም ምስር ይቅደም፤ በደንብ ይታኘክ፤ ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ቪታሚንም አይቋረጥ። ምግብን መዝለል አምሮትን ያባብሳል። በ1944 እና 1945 ዓ.ም. በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለወራት በጥቂት ምግብ ባኖራቸው ጊዜ፥ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም ስለ ወጥ አሠራር የሚናገሩ መጻሕፍትን እስከ መሰብሰብ ደረሱ።

ሦስተኛ፥ ከሐሳቡ ጋር ትግል አለመግጠም ነው። በ1987 ዓ.ም. ዳንኤል ዌግነር ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ቢላቸው ድቡ ከሐሳባቸው አልወጣ አለ። «ስለ ኬክ አላስብም» የሚል ሰውም የሚያገኘው ይህንኑ ነው። አላን ማርላት የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ሲያስተምር፥ ፍላጎት እንደ ባሕር ማዕበል ተነሥቶ፥ ከፍ ብሎ፥ ተመልሶ እንደሚወርድ ያስረዳ ነበር። ባሕር ያላየ የደጋ ሰው የክረምት ደራሽ ውሃ ብሎ ቢያስበው ይቀለዋል። ደራሽ ውሃን የሚታገል ይወሰዳል፤ ከዳር ቆሞ የሚጠብቅ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሻግሮ ይሄዳል። «አሁን አምሮኛል፤ ሰውነቴ የሚሰማው እንዲህና እንዲህ ነው፤ ያልፋል» ብሎ መመልከት ይበቃል።

አራተኛ፥ የሐሳብን ዓይን ሌላ ሥራ ማስያዝ ነው። ካቫና፥ አንድራዴና ሜይ በ2005 ዓ.ም. እንዳስረዱት አምሮት አብዛኛውን ጊዜ ሥዕል ነው፤ ሰውየው ቸኮላቱን በልቡ ያየዋል፥ ያሸተዋል፥ ይቀምሰዋል። ሌላ ሥዕል ቦታውን ሲይዝበት አምሮቱ ይደክማል። ገበጣ መጫወት፥ ጥልፍ መጥለፍ፥ ያደጉበትን ሰፈር ቤት በቤት በሐሳብ መዞር ለዚህ ይረዳል።

አምስተኛ፥ አምሮቱ የመጣበትን ሰዓት፥ ቦታና ስሜት በደብተር መጻፍ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል፤ አንዱን ያማረው እንቅልፍ፥ ሌላውን ያማረው የሰው ጨዋታ ሆኖ ይገኛል። የጎደለው ያ ከሆነ ብስኩት አይሞላውም።

ስድስተኛ፥ የተሳሳተ እንደ ሆነ ተስፋ አለመቁረጥ ነው። አንድ ብስኩት የማንንም ድካም አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው «አንዴ ስቻለሁና ሳጥኑን ልጨርሰው» የሚለው ሐሳብ ነው። ነገሩ ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪምና ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ መሄድ ይገባል። ሐሳብንና ልማድን መርምሮ የሚለውጥ ሕክምና አለና የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ታካሚው ነው። የሚቀረው የእኛ የባለማዕዶቹ ግዴታ ነው። በአሜሪካ፥ በእስራኤል ወይም በዓረብ አገር ከሚኖሩት ዘመዶቻችን መካከል ይህ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ሊጠይቀን ቢመጣ ምን እናደርጋለን? እናቶቻችን «በሞቴ» ይሉታል፤ እኛም ጉርሻ እንጠቀልላለን። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ግን ያ ትልቅ ጉርሻ በጠባቡ ጨጓራ አፍ ላይ ተቀርቅሮ ሊያሳምመውና ሊያስመልሰው ይችላል። እምቢ ቢል እንደ ኩሩ ይታያል፤ እሺ ቢል ይታመማል። ፍቅራችንን በሌላ መንገድ እንግለጠው፤ ትንሽ ሳሕን እንስጠው፥ ቀስ ብሎ እስኪጨርስ እየተጫወትን እንጠብቀው፥ ስንት እንደ በላ አንቁጠርበት።

ከዚህ በላይ ደግሞ ከአፋችን እንጠንቀቅ። ራብና አምሮትን የለየው አማርኛችን «ሆዳም» የሚል ቃልም አለው፤ በዚህ ቃል የሚበላውንም፥ ለጥቅሙ የሚያድረውንም፥ ኅሊናውን የሸጠውንም አንድ አድርገን እንሰድባለን። ሆዱን በቢላዋ አስቀንሶ፥ ከሐሳቡ ጋር ሌትና ቀን የሚውለው ሰው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ትግሉ በሚታየው ሰውነቱ ላይ ሳይሆን በማናየው ልቡ ውስጥ ነው። በካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ እንዲህ ያለ ሰው «ቀላሉን መንገድ መረጠ» ሲባል ብንሰማ፥ መልስ ለመስጠት የሚያስችል እውቀት ከዛሬ ጀምሮ አለንና ዝም አንበል።